ከበሩ ኋላ ያለው ሣጥን

ቋንቋችን አንዳንዴ ከእኛ ይልቅ ደግ ነው። በየወሩ ሴት ልጅን ለሚጎበኛት ደም «የወር አበባ» ብሎ ስም ያወጣለት ሰው፣ ፍሬ ከአበባ በኋላ እንደሚመጣ ያስተዋለ ገበሬ ሳይሆን አይቀርም። ግዕዙም ክፉ አልተናገረም፤ «ልማደ አንስት» ይለዋል፤ የሴቶች ልማድ፣ እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ያለ ነገር። ይኸው ቋንቋ ፊቱን ሲያዞር ግን «አደፍ» ይላል፤ «መርገም» ይላል። በአበባና በመርገም መካከል አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትቆማለች፤ ከስሞቹ የትኛው የእሷ እንደሆነ የሚነግራት ሰው ሳይኖር።

ሱቅ ሄዳ የምትጠራው ስም ደግሞ ሌላ ነው፤ ሞዴስ። ይህ ቃል የእኛ አይደለም። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለገበያ ያወጣው የሴቶች የንጽህና መጠበቂያ መጠሪያ ነበር። ዕቃው ከመደርደሪያችን ከጠፋ ዘመን የለውም፤ ስሙ ግን ቀረ። የየትኛውም ፋብሪካ ሥራ ቢሆን ለእኛ ሞዴስ ነው። መቼም የባዕድ ቃል አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ትርጉሙ ጆሮ ላይ ስለማያርፍ ለመናገር አያሳፍርም። እሱም ቢሆን የሚነገረው በሹክሹክታ ነው። ባለሱቁ ይሰማል፤ ዙሪያውን ያያል፤ በጋዜጣ ይጠቀልላል፤ በጥቁር ፌስታል ይከታል። ስኳር እንዲህ አይጠቀለልም፤ ሳሙናም አይጠቀለልም። በልጅነቴ በሲቀላ መንደሮች ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ የምትሄድ ልጅ ምን እንደያዘች የማያውቅ አልነበረም፤ መደበቂያው ራሱ ዐዋጅ ነጋሪ ሆኖ ነበር።

የምጽፈው ስለ ትንሽ ነገር ነው። በሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ከውኃውና ከሳሙናው ጎን፣ ሴት ልጅ ሳትከፍል የምትወስደው ሞዴስ ይቀመጥ ስለሚለው ሐሳብ። «መጀመሪያስ ውኃውና ሳሙናው መች አለና?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ እመለስበታለሁ።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሰፈረ ሰው ነበር። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ በጋሞ ደጋ፣ በተለይም በዶርዜ፣ ሴት ትፈትላለች፤ ወንድ ይሸምናል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ከሚሸጠው ጋቢና ነጠላ ብዙው ከዚያ ደጋ በወረዱ ሰዎች እጅ ያለፈ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ የክፍሏን እኩሌታ የአባቴ የሽመና ጉድጓድ ይዞታል። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች፤ እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። የምንተኛውም የምንነቃውም በዚያ ድምፅ ነበር።

የነጠላን ዕድሜ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ የክት ነው፤ ለበዓልና ለሠርግ ይወጣል። ከዚያ የዘወትር ይሆናል። ጥለቱ ሲደበዝዝ ሕፃን ይታቀፍበታል፤ ሲሳሳ ምግብ ይሸፈንበታል። በመጨረሻ እራፊ ይሆናል። እራፊው ደግሞ ስንትና ስንት ትውልድ የሀገሬን ሴቶች የያዘ ነገር ነው። ስለ ክቱ ነጠላ ተዘፍኗል፤ ስለ እራፊው የዘፈነ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ሳለቅስ እናቴ አየችኝና፣ ምንም ሳትናገር ከአሮጌ ነጠላዋ ቀዳ ሰጠችኝ። «እጠቢው፤ ፀሐይ አሳዪው፤ ሰው አታሳዪው» አለችኝ። ሦስቱ ትእዛዞች ባንድ ላይ እንደማይፈጸሙ ለመረዳት አንድ ወር በቂ ነው። አንድ ክፍል ቤትና የጋራ ግቢ ባለበት፣ ፀሐይ የሚያየውን ሁሉ ሰውም ያየዋል። ስለዚህ ጨርቁ ፍራሽ ሥር ይደርቃል፤ እውነቱን ለመናገር አይደርቅም፤ በማግሥቱ እንደረጠበ ይታሰራል። ብዙ ልጃገረዶችን የሚያሳክካቸውና የሚያቆስላቸው ደሙ ሳይሆን ይህ ፀሐይ ማጣት ነው።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ አንድ ነገር አስተዋልሁ። አባቴ ጋቢ ጨርሶ ከድሩ ሲቆርጥ ጫፉ ላይ የሚተርፍ ቁራጭ አለ። ቀድሞ ቁራጩን የጠየቀው ጎረቤት ይወስደው ነበር፤ ለፋኖስ መጥረጊያም ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለማንም አልሰጠም። ውኃ ያስነክረዋል፤ በእጁ አሽቶ ያለሰልሰዋል፤ አጥፎ አጥፎ ከበሩ ኋላ በነበረች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ሣጥኗ ክዳን ነበራት፤ ቁልፍ አልነበራትም። ለማን እንደሆነ አልተናገረም። እናቴም አልጠየቀችም። ሣጥኗ ስትጎድል ትሞላለች፤ ስትሞላ ትጎድላለች። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ በመካከላችን ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነገረችም።

ከዚያው ዘመን አንድ ሌላ ሣጥን አስታውሳለሁ፤ ይኸኛው ቁልፍ ነበረው። በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንድ ርዳታ ሰጪ ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ በካርቶን ሰጥቶ ነበር። ዕቃው የተቀመጠው በዩኒት ሊደሩ ቢሮ፣ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የምትፈልግ ተማሪ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ታስፈቅዳለች፤ ቢሮ ገብታ ምን ፈልጋ እንደመጣች ትናገራለች፤ ስሟን፣ ክፍሏንና ቀኑን በመዝገብ አስጽፋ ትፈርማለች። ዩኒት ሊደሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መዝገቡን ያዘጋጁት ዕቃው ለባለቤቱ መድረሱን ለማረጋገጥ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ካርቶኖቹ አቧራ ለብሰው ተገኙ። «ሴቶቻችን አያስፈልጋቸውም ማለት ነው» ተባለ። በዚያው ዓመት ከክፍላችን በየወሩ ሦስት አራት ቀን የሚቀሩ ልጆች ነበሩ። የእነሱ መቅረት በሌላ መዝገብ ተጽፎ ነበር። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው አልተገኘም።

እንግዲህ ነጻ በሚለው ቃል ላይ ትንሽ እንድቆም ይፈቀድልኝ። ነጻ ማለት ብር አይከፈልበትም ማለት ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ቁም ሣጥን የነበረውም ነጻ ነበር። ዋጋው ግን ነበረ፤ በአንደበት የሚከፈል ዋጋ። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከዚያ የሚወደድ ዋጋ የለም።

ሳይጠየቅ መስጠት በሀገራችን ከዚህ ቀደም ያልነበረ ነገር አይደለም፤ የሚከፈልበት ግን በሌላ በኩል ነበር። ጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ለዚህ ወቅት የተለየች ጎጆ ነበረቻቸው፤ «የመርገም ጎጆ» ትባላለች። ዙሪያዋ በድንጋይ ይከለላል፤ ሴቲቱ ሰባት ቀን እዚያ ትሰነብታለች፤ ምግቧ በድንጋዩ በኩል ይቀበላታል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከተጓዙ በኋላ፣ ጎጆዋ በሌለችበት ፎቅ ቤት ውስጥ የተቸገሩ፣ የናፈቋትም ሴቶች ነበሩ። የሚገርመኝ መናፈቃቸው ነው። በዚያች ጎጆ ሴት ልጅ ታርፋለች፤ ምግቧን አትለምንም፤ ግን የምትታወቀው በመገለሏ ነው። የአባቴ ሣጥን ይህን አልጠየቀችኝም። ከበሩ ኋላ ነበረች፤ እኔም ከበሩ ውስጥ ነበርሁ።

በሀገራችን ይህን ጉዳይ ከጓዳ አውጥተው ለፋብሪካ ያበቁት ሴት ከእኛ ደጋ እጅግ ርቀው፣ መቀሌ ላይ ናቸው። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ አሜሪካ የኬሚካል ምሕንድስና ተምረው፣ እየታጠበ የሚመላለስ የንጽህና መጠበቂያ ነድፈው እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠራ መብት አወጡበት። በ2009 በሴት ልጃቸው ስም የተሰየመውን የማርያም ሳባ ፋብሪካ ከፈቱ። አንዱ መጠበቂያ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማቸው። እኔን ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስደስተኝ እራፊውን አለመናቃቸው ነው። የእናቶቻችን ጨርቅ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ያሳልፋል፣ ይንሸራተታል እንጂ። ምሕንድስናው ያንን ሐሳብ ከነበረበት አንሥቶ አስተካከለው። ያም ሆኖ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ መንገዱም ባንኩም ስልኩም ሲዘጋ፣ ለሌላው ትሰፋ የነበረች ከተማ ለራሷ ሴቶች የምታጣበት ቀን መጣ። ከዚያ ወዲህ «ይህ እኮ የሰላም ጊዜ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መልስ ለመስጠት ትዕግሥቱ የለኝም።

ስለ ቤትና ስለ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ካልሁ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ወዳልሆነው ቦታ፣ ወደ መንገዱ ልውጣ። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ሩቅ ነው፤ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርጎ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ረዳቱ ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ አስቁሞ «ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ!» ሲል መኪናው ሁሉ ይሥቃል። ለወንዱ ሣቅ ነው፤ ለሴቷ ሒሳብ ነው። ስንት ሰዓት ተቀምጫለሁ? ስንት ይቀረኛል? ቀሚሴ ጥቁር ነው ወይስ ነጣ ያለ? ከኋላዬ የሚወርደው ማነው? በዚያ መንገድ ላይ ያለፍሁባቸውን የተራሮች ስም ሁሉ አላስታውስም፤ ሒሳቡን ግን አስታውሳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ካለ መንገድ ደርሼ ሲቀላ ወደሚገኝ አንድ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ጎራ አልሁ። በር ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች፤ ወጣቶች ተደራጅተው ከሚያስተዳድሯቸው አንዱ ነው። ፊቷ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የሳንቲም ጣሳና እየታጠፈ የተደረደረ ሶፍት። ከእኔ በፊት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዩኒፎርም የለበሰች፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ ያሰረች። (በአርባ ምንጭ ሙቀት ሹራብ ለምን አስፈለጋት ብሎ የሚጠይቅ ወንድ መሆን አለበት።) ልጅቷ ለአንድ እጥፍ ሶፍት ከፈለች። ቆም አለች። ደግማ ከፈለች። ሦስተኛ ሳንቲም ፈልጋ ኪሷን ዳበሰች፤ አልነበረም። ጠባቂዋ አየቻት። ምንም አልጠየቀቻትም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሶፍት በሙሉ ሰብስባ እጇ ላይ አኖረችላትና መኪና እንደሚቆጥር ሰው ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እኔ ከቦርሳዬ የነበረኝን ላወጣ ስል በሩ ተዘግቷል።

ያ ፊት ማዞር የማውቀው ነገር ነበር። አባቴ ሣጥኗ ስትከፈት መወርወሪያውን ከወትሮው ጠንከር አድርጎ ይመታ ነበር፤ የክዳኑ ድምፅ እንዳይሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጠባቂዋ ጋር ተዋወቅን።

«በቀን እንዲህ ያለ ስንት ይገጥምሻል?» አልኋት።

«እትዬ፣ ስንቱን ልቁጠረው? በገበያ ቀን ከደጋ የሚወርዱት ይብሳሉ። አይናገሩም እኮ። ሶፍት ደጋግመው ሲገዙ ነው የማውቀው።»

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ገንዘብ አዋጣን። ሞዴስ ገዛን። በሴቶቹ በኩል ከበሩ ኋላ፣ ድሮ ለቦርሳ መስቀያ የተመታ ምስማር ነበር፤ የሸራ ከረጢት ሰቀልንበት። ጽሑፍ አላደረግንበትም፤ ፎቶግራፍም አላነሣንም። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከረጢቱ ባዶ ሆነ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ከጓደኞቼ አንዷ «አላልኋችሁም? እየወሰዱ ይሸጡታል» አለች። ጠባቂዋ ግን በር ላይ ተቀምጣ የገባችውንና የወጣችውን ታውቃለች። «አይሸጡትም» አለችን። «ነገ ላይኖር ይችላል ብለው ነው። ውኃ ሲጠፋ እንደምናደርገው።»

ይህን የተናገረችው በአርባ ምንጭ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ አርባ መባሉም ብዛቱን ለመናገር ነው። ከምንጩ ዘንድ የወረደ ሰው በእፍኙ ጠጥቶ፣ ፊቱን አርሶ ይመለሳል። ቧንቧ ሦስት ቀን ጠፍቶ በሌሊት ሲንጠባጠብ ግን ያው ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ጀሪካኑን፣ በርሜሉን፣ ድስቱን፣ የሕፃኑን መታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር ይሞላል። ስግብግብ ስለሆነ አይደለም። ቧንቧውን ስለማያምነው ነው።

እኛም ከረጢቱን መሙላት አላቋረጥንም። በሦስተኛው ሳምንት እስከ ማታ መቆየት ጀመረ። በሁለተኛው ወር አንዳንድ ቀን ካስቀመጥነው የሚበልጥ እናገኝበት ነበር፤ አንዷ ከገዛችው የተረፋትን ሁለት ፍሬ ጥላበት ትሄዳለች። አንድ ጊዜ በጨርቅ ቁራጭ የታሰረ አሥር ብር ከሥር ተገኘ።

ያን ሰሞን ስለ ስኮትላንድ ሕግ ፈልጌ አነበብሁ። ሞኒካ ሌነን የተባሉት የምክር ቤት አባል ያቀረቡት ሕግ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ያለ አንድ ተቃውሞ ጸደቀ፤ በኦገስት 2022 ሥራ ላይ ዋለ። የየአካባቢው መስተዳድር ለሚያስፈልጋት ሁሉ የንጽህና መጠበቂያ በነጻ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ በዓለም የመጀመሪያው ሕግ ነው። እኔን የያዘኝ «በነጻ» የሚለው አልነበረም። ዕቃው በቀላሉ የሚገኝ፣ ክብርን በጠበቀ መንገድ የሚቀርብና ምርጫ ያለው እንዲሆን ማዘዙ ነው። ሕግ አውጪዎች ስለ ክብር ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰንደቅ ዓላማ ነው፤ እዚህ ላይ ስለ መጸዳጃ ቤት መደርደሪያ ጻፉ። «ሀብታም አገር ነው፤ ምን ይሳነዋል» ቢባል ጎረቤታችን ኬንያ አለች። እ.ኤ.አ. በ2004 በሞዴስ ላይ የነበረውን ታክስ አነሣች፤ በ2017 ደግሞ ለተማሪዎች በነጻ እንዲሰጥ በሕግ ደነገገች። ሕጉ መውጣቱና ካርቶኑ ትምህርት ቤት መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ኬንያውያን ራሳቸው ያማርራሉ። ቢሆንም የሚያማርሩበት ሕግ አላቸው።

ለነገሩ ዓለም ለዚህ ጉዳይ ቀን ቆርጦለታል፤ ከ2014 ጀምሮ በየዓመቱ ሜይ 28 ይታሰባል። ሃያ ስምንቱ የወሩን ዙር፣ አምስተኛው ወር ደሙ የሚቆይባቸውን ቀናት ለማመልከት ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ቀን ግንቦት 20 ላይ ይውላል። ደርግ የወደቀበት ዕለት ስለሆነ ለብዙ ዓመታት ብሔራዊ በዓል ሆኖ ሲከበር፣ ሌላኛው ትርጉሙ የሚሰማበት ቦታ አልነበረውም። ግንቦት ለእኛ ዘጠነኛ ወር ነው። ዘጠኝም ቢሆን ከሴት የራቀ ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ ውኃውና ወደ ሳሙናው። ብዙዎቹ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶቻችን የታቀዱት ሴት ልጅ ውስጥ ገብታ ምን እንደምታደርግ ባልጠየቁ ሰዎች ነው። መቀርቀሪያው ይላላል፤ መብራት የለም፤ ውኃው ካለ ውጭ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ክዳን ያለው ቅርጫት የለም። ቅርጫት ከሌለ ሞዴሱ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ፕላስቲክ ስላለበት አይበሰብስም፤ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞላል፤ መጥጦ የሚወስደውን መኪና ቱቦ ይወትፋል። አርባ ምንጭ ስለዚህ ነገር ማወቅ የሚያንሳት ከተማ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲዋ በ1979 ዓ.ም. የተመሠረተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተካሄደው ሮዛ የተባለው ፕሮጀክት በምሥራቅ አፍሪካ ከመረጣቸው አራት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለዩ፣ በአመድ የሚሸፈኑ ደረቅ መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተውባታል። የሚወጣው ብስባሽ ለእርሻ እንዲውል ነው ዓላማው። በእንዲህ ያለው መጸዳጃ ቤት የተጣለ አንድ ሞዴስ ከብስባሹ መካከል ሳይለወጥ ይወጣል። ስለዚህ ከረጢቱን ከመስቀል በፊት ቅርጫቱን፣ ከቅርጫቱ በፊት ደግሞ ቅርጫቱን ማን እንደሚደፋው ማሰብ ይገባል። የእኛን የምትደፋው ጠባቂዋ ናት፤ ጓንት ገዝተንላታል፤ የምትደፋበት ቀን ክፍያ አለው። ይህንን ሥራ ያለ ክፍያ ለሴት አደራ ማለት የተለመደ ነውና ሆን ብዬ ጻፍሁት።

ጉዳዩ በአራት ሴቶች ኪስ እንደማይዘልቅ ገና ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። የሞዴስ ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፤ የእኛ ደመወዝ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ የአባቴ ወዳጅ ወደነበሩ አንድ የጋሞ ሽማግሌ ሄድሁ። የጋሞ አባቶችን ሀገሩ ሁሉ ያወቃቸው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ሊበቀሉ ሲነሡ፣ እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። የተጣላ የሚታረቀው፣ የጋራ ጉዳይ የሚመከረው በዱቡሻ ነው፤ እዚያ የሚቀመጡትም በልማዱ ወንዶች ናቸው።

ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኋቸው፤ ሞዴስ የሚለውን ቃልም ድምፄን ሳልቀንስ ተናገርሁ። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

«ይህ ነገር በዱቡሻ ተነሥቶ አያውቅም» አሉ።

«ለምን ይሆን፣ አባባ?»

«ማን ያነሣው ነበር፣ ልጄ? የተቀመጥነው እኛ ነን።»

ዝም አሉ። ከዚያ ፈጽሞ ባልጠበቅሁት በኩል መጡ፤ አንዱ እሽግ ስንት ነው፣ በውስጡ ስንት ፍሬ አለ፣ በገበያ ቀን ስንት ይወጣል፣ ቅርጫቱ ስንት ያስወጣል እያሉ ጠየቁኝ። በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩ። «የእኛ ዕድር ድንኳን አለው» አሉ። «ወንበር አለው፤ ድስት አለው፤ ብርጭቆ በደርዘን አለው። ለሞተ ሰው የጎደለብን የለም።» ከዚያ ወዲያ አልቀጠሉም። በሚቀጥለው ወር ግን ጉዳዩን ራሳቸው ለዕድሩ አቀረቡት። ሁለት ጊዜ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። በሁለተኛው ስብሰባ አንድ አባል «በዚህ ዕድሜያችን ይህን እንነጋገር?» ብለው ሲቆጡ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ታዲያ በየትኛው ዕድሜያችን?» ብለው መለሱላቸው አሉ። ውሳኔው አልተሰጠም።

እስከዚያው ከረጢቱን እኛው እንሞላለን። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ጠባቂዋ ከወንበሯ ተነሥታ ጠበቀችኝ፤ የተቸገረች ትመስል ነበር።

«እትዬ፣ ምስማሩ ከፍ ብሏል» አለችኝ። «ትላልቆቹ ይደርሱበታል። ከደጋ የሚመጡት ትንንሾቹ ግን ዘለው ነው የሚያወርዱት፤ የዘለሉ እንደሆነ ደግሞ ውጭ ድረስ ይሰማል።»

ከመንገዱ ማዶ ካለው ጫማ ሰፊ መዶሻ ተዋስን። ምስማሩን ነቅላ ለካችው፤ መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ፣ ቀጥሎ ደረቷ ላይ። «ዝቅ ይበል» አለች፤ ጎንበስ ብላ ከወገቧ ትንሽ ከፍ አድርጋ መታችው።